ስንት ቤት ሊጎዳ ይችላል? የመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳትን በኪውጂአይኤስ መገመት

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ያቺን ሌሊት አይረሳትም። አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ቁምሳጥኑ ተንቋቋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደ። መጠኑ 6 ነበር። የተነሳው ግን አፋር ክልል ነው። እነ አዋሽ ፈንታሌ፣ መተሐራና ሳቡሬ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ሲናጡ ነው የከረሙት። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰውም ቀዬውን ለቆ ወጥቷል።

በማግስቱ ስልኬ አላረፈም። «አንተ ካርታ ትሠራለህ አይደል? እስቲ ንገረን፣ ስንት ቤት ሊጎዳ ይችላል?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። ግምታዊ መልሱን ለማግኘትም ላፕቶፕና ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል። እዚህ የምጽፍላችሁ እኔ ኪውጂአይኤስ (QGIS) በሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር እንዴት እንደምሠራው ነው። ምሳሌዬ መተሐራና አካባቢው ነው፤ ሌላ ከተማ ላይም ብትሆኑ አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ምድሩ የት ቦታ ምን ያህል ተናወጠ? ቤቶቹ የት አሉ? ቤቶቹስ ከምን ተሠሩ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ኔትወርኩ ደህና ከሆነ በግማሽ ቀን ታወርዳላችሁ። ሦስተኛው ግን የትም ተቀምጦ አይጠብቃችሁም። ሰው ሁሉ ጭልጥ ብሎ የሚሳሳተውም እዚያ ጋ ስለሆነ እኔም ቆም የምለው እዚያ ጋ ነው።

ከኮኦርዲኔት እንጀምር

ኪውጂአይኤስን ስትከፍቱ የፕሮጀክቱን ኮኦርዲኔት ሲስተም፣ ማለትም ካርታው ቦታን የሚለካበትን ሥርዓት፣ ኢፒኤስጂ 32637 አድርጉት። ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን በዳብልዩጂኤስ 84 ማለት ነው። መተሐራም አዲስ አበባም እዚሁ ዞን ውስጥ ናቸው፣ ርቀትና ስፋትም በሜትር ይወጣላችኋል።

ከቢሮ የተገኘ የድሮ ካርታ ወይም የቀበሌ ወሰን ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። የአገራችን የቆዩ ቶፖ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ሌላ የመለኪያ መነሻ ነው። አዲንዳኑን ዳብልዩጂኤስ ነው ብላችሁ ከጫናችሁት ሁሉ ነገር 200 ሜትር ያህል ይንሸራተታል። እኔ አንዴ እንዲህ አድርጌ የአንድ ሰፈር ቤቶች በሰቃ ሐይቅ ውስጥ ገብተው አገኘኋቸው። ሐይቁ ለዓመታት እየሰፋ የመጣ ስለሆነ ለጥቂት ደቂቃ አምኜው ነበር፣ እንዲያውም ለአለቃዬ ልደውል ስልክ አንስቻለሁ። ሌየሩን (የጫናችሁትን የካርታ ንብርብር) ሳተላይት ምስል ላይ አስቀምጡና አንድ የምታውቁትን ነገር፣ የድልድይ ጫፍ ወይም የመንገድ መገናኛ፣ በዓይናችሁ አረጋግጡ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ንዝረቱን ማምጣት

ዜና ላይ የምትሰሙት «በሬክተር ስኬል ይህን ያህል» ለዚህ ሥራ ብዙም አይረዳም። እሱ ከምድር ውስጥ ስለተለቀቀው ጉልበት የሚናገር አንድ ቁጥር ነው። እኛ የምንፈልገው እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ የደረሰውን ንዝረት ነው። የአንድ መንቀጥቀጥ መጠን አንድ ነው፤ ንዝረቱ ግን ሳቡሬ ሌላ፣ አዳማ ሌላ፣ ቦሌ ሌላ ነው።

ይህንን የሚሰጣችሁ የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ ዩኤስጂኤስ፣ የሚያወጣው ሼክማፕ ነው። የመንቀጥቀጡን ገጽ ክፈቱ፣ ሼክማፕ የሚለውን ተጫኑ፣ ከዳውንሎዱ ዝርዝር ውስጥ ራስተር የሚለውን ዚፕ ውሰዱ። ዚፑን ስትፈቱት ብዙ ፋይል ይወጣል። ኤምኤምአይ ሚን (mmi_mean፣ አማካዩ) የሚለውን ብቻ ጎትታችሁ ኪውጂአይኤስ ላይ ጣሉት። ይኼ በመርካሊ ስኬል የተሰጠ የንዝረት ደረጃ ነው። 5 ከሆነ ሰው ሁሉ ይሰማዋል፣ የተኛው ይነቃል። 6 ላይ ልስን ይሰነጠቃል፣ ዕቃ ይወድቃል። 7 ላይ ደካማ ቤቶች ይጎዳሉ። 8 ከደረሰ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሼክማፕ የአፈሩን ጥንካሬ ከመሬቱ ተዳፋትነት ገምቶ ሒሳቡ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ «ይኼ ሰፈር ደለል ላይ ነው» ብላችሁ እንደገና አትጨምሩበት፤ ያው አንድ ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው። ሌላው፣ በእኛ አካባቢ ለሼክማፕ መረጃ የሚልኩ የመለኪያ ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው። ካርታው በአብዛኛው ቀመር የሳለው ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሥሩት፦ አንዴ በተሰጠው ቁጥር፣ አንዴ ግማሽ ደረጃ ጨምራችሁ፣ አንዴ ግማሽ ቀንሳችሁ።

ቤቶቹን ማምጣት

ለኢትዮጵያ እኔ የምጠቀመው የጉግልን ኦፕን ቢልዲንግስ ነው። ከሳተላይት ምስል ላይ በኮምፒውተር የተለቀሙ የሕንፃ ቅርጾች ናቸው። የመጀመሪያው እትም በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ለአፍሪካ ነበር። ኦፕን ስትሪት ማፕም አለ። በጎ ፈቃደኞች በደንብ የሳሉት ከተማ ላይ ይበልጣል፣ ያልሳሉት ላይ ደግሞ ባዶ ሜዳ ነው።

የጉግሉ ፋይል በሲኤስቪ ነው የሚመጣው፣ ከባድ ነው። በኤክሴል ልክፈተው እንዳትሉ፣ ላፕቶፓችሁን ታስለቅሱታላችሁ። ኪውጂአይኤስ ላይ አድ ዴሊሚትድ ቴክስት ሌየር በሚለው ግቡ፣ ጂኦሜትሪውን ዳብልዩኬቲ (WKT) አድርጉት፣ ኮኦርዲኔቱን ኢፒኤስጂ 4326 (በዲግሪ የሚለካው) ስጡት። ከዚያ ኤክስትራክት ባይ ኤክስቴንት በሚለው የምትፈልጉትን አካባቢ ብቻ ቆርጣችሁ ጂኦፓኬጅ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፣ ወደ 32637ም ቀይሩት። ትልቁን ፋይል ዝጉት፣ ከእንግዲህ አትንኩት።

እያንዳንዱ ቅርጽ ሁለት ጠቃሚ ቁጥሮች አሉት። አንዱ ስፋቱ በካሬ ሜትር ነው። ሌላው ኮንፊደንስ ይባላል፣ ኮምፒውተሩ «ይኼ ቤት ነው» ብሎ ምን ያህል እንደሚተማመን ከ0.65 እስከ 1 ይናገራል። ብዙ ሰው «ጥራት ይኑረው» ብሎ 0.8 ወይም 0.9 ላይ ይቆርጣል። እኔ አልስማማም። አዲስ ቆርቆሮ ከሰማይ ላይ ያብረቀርቃል፣ የሣር ክዳንና ዳቦይታ የሚባለው የአፋር ጎጆ ግን ከመሬቱ ቀለም ጋር ይመሳሰላል። ከፍ አድርጋችሁ በቆረጣችሁ ቁጥር የድሃውን ቤት ነው ከካርታው የምታወጡት። 0.7 ላይ ቁሙና ጥርጣሬ ያለበትን በዓይናችሁ እዩ።

በሌላ በኩል ከ12 ካሬ በታች የሆኑት አብዛኞቹ ማድ ቤት፣ ሽንት ቤት ወይም የዘበኛ ቤት ናቸው። አውጧቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ የተጠጋጉ ክፍሎችም እንደ አንድ ቅርጽ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ ሪፖርታችሁ ላይ «ይህን ያህል ቤተሰብ» ብላችሁ አትጻፉ። የቆጠራችሁት ጣሪያ ነው።

አሁን ሴንትሮይድስ የሚለውን አሂዱ፣ እያንዳንዱ ቤት ነጥብ ይሆናል። ቀጥሎ ሳምፕል ራስተር ቫሊውስ። እያንዳንዱ ነጥብ ሥሩ ያለውን የንዝረት ደረጃ ይዞ ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ሻይ እየጠጣችሁ የምትሠሩት ነው።

ቤቱ ከምን ተሠራ?

ሥራው እዚህ ይጀምራል። ለጉዳት ግምት እኔ የምጠቀመው ኢኤምኤስ 98 የሚባለውን የአውሮፓ ሰንጠረዥ ነው፣ ምክንያቱም የሕንፃ ዓይነቶችን በግልጽ ይለያል። ሕንፃዎችን ከኤ እስከ ኤፍ ይከፍላል፤ ኤ በጣም ደካማው ነው። በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብና ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ቤት ኤ ናቸው። ኮለንና ቢም የሌለው የብሎኬት ግንብ ቢ። ለመንቀጥቀጥ ታስቦ ያልተሠራ የኮንክሪት ኮለንና ቢም ያለው ሕንፃ ሲ። የእንጨት ቤት በአብዛኛው ዲ።

የእኛ ጭቃ ቤትስ የት ይገባል?

ብዙ የውጭ ሪፖርት «ጭቃ» የሚለውን ቃል ሲያይ በቀጥታ ኤ ውስጥ ይከተዋል። ስህተት ነው። የእኛ ጭቃ ቤት የጭቃ ጡብ አይደለም። የባህር ዛፍ ቋሚ ተተክሎ፣ ማገር ተመትቶ፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ የተመረገበት የእንጨት ቤት ነው። ጣሪያውን የተሸከመው እንጨቱ ነው። ሲናወጥ ይወዛወዛል፣ ምርጊቱ ይረግፋል፣ ቤቱ ዘመም ሊል ይችላል፤ ግን ቆርቆሮው ቋሚው ላይ ነው። የጭቃ ጡብ ግን ግድግዳው ራሱ ተሸካሚ ስለሆነ ግድግዳው ሲሄድ ጣሪያውም ሰው ላይ ይመጣል።

እንግዲያው ዲ እንበለው? እሱም ትንሽ ይበዛል። የጭቃ ቤት ዕጣ ያለው ቋሚው መሬት ውስጥ በሚገባበት አንድ ስንዝር ላይ ነው። ዝናብ የሚያገኘው፣ ምስጥ የሚገባው እዚያ ነው። ቤት ስትመረምሩ የቤት ቁልፍ ያዙና የማዕዘኑን ቋሚ ግርጌ ላይ ወጋ አድርጉት። ቁልፉ ካልገባ ደህና ነው፣ እኔ ሲ እሰጠዋለሁ። እንደ ዳቦ ከገባ ምስጥ ጨርሶታል፣ ቢ ነው። አንድ ቤት ውስጥ እማማ ሲያዩኝ «ልጄ፣ እሱን ተወው፣ ግድግዳውን የያዘልኝ ቀለሙ ነው» አሉኝ። ሳቅን እንጂ ልካቸው ነበር፤ ከውጭ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ከውስጥ ዱቄት የሆነ ቤት ነበር።

የኮንክሪት ፎቅ ላይም አትቸኩሉ። አገራችን ለመንቀጥቀጥ የሚሆን የሕንፃ ኮድ ካወጣች ቆይታለች፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣ አለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ ተተክቷል። ግን ወረቀት ላይ ያለው ፌሮ ሁሉ ኮለኑ ውስጥ አለ ማለት አይደለም። በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ ሲ ስጡትና እለፉ። ምድር ቤቱ ሱቅ ሆኖ ፊቱ በሙሉ መስታወትና ተንሸራታች በር ከሆነ፣ ከላይ ያለው ፎቅ ደግሞ በብሎኬት የተሞላ ከሆነ፣ አንድ ደረጃ አውርዱት። ሲናወጥ ሸክሙ ሁሉ ያ ባዶው ፎቅ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁሉንም ቤት መርምሩ እያልኩ አይደለም። ከተማውን በሰፈር ዓይነት ከፋፍሉት፦ የድሮው መሀል ከተማ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ አዲሱ ምሪት፣ የስኳር ፋብሪካው መኖሪያ፣ የገጠሩ ቀበሌ። ከየዓይነቱ 30 ወይም 40 ቤት ኪውጂአይኤስ በራንደም ሴሌክሽን (በዕጣ) ይምረጥላችሁ። ራሳችሁ ከመረጣችሁ መንገድ ዳር ያለውን ብቻ ነው የምታዩት፣ የታወቀ ነው። ኪውፊልድ የሚባለውን የመስክ መረጃ መሰብሰቢያ አፕ ስልክ ላይ ጫኑና ሦስት ጥያቄ ብቻ ያለው ፎርም አዘጋጁ፦ ግድግዳው ምንድን ነው፣ ቋሚው ወይም ኮለኑ እንዴት ነው፣ ስንት ፎቅ ነው። ፎቶም አንሡ። ስትመለሱ ለእያንዳንዱ ሰፈር መቶኛ ይኖራችኋል። መቶኛውን ለሰፈሩ ስጡ፤ ያላያችሁትን ቤት «ይኼ ቢ ነው» ብላችሁ በስም አትመድቡ።

ሒሳቡ

ኢኤምኤስ 98 ጉዳትን ከ1 እስከ 5 ይመድባል። 1 የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣ 2 የብዙ ግድግዳ ስንጥቅና የልስን መውደቅ፣ 3 ትልልቅ ስንጥቅ፣ 4 የግድግዳ መውደቅ፣ 5 መደርመስ። ስንት ቤት ምን ደረጃ እንደሚደርስበት የሚናገረው ደግሞ በቃል ነው። «ጥቂት» ማለት እስከ 15 በመቶ፣ «ብዙ» ከ15 እስከ 55፣ «አብዛኛው» ከዚያ በላይ።

ንዝረቱ 7 ሲሆን እንዲህ ይላል። ከኤ ብዙዎቹ ደረጃ 3፣ ጥቂቶቹ ደረጃ 4 ይደርስባቸዋል። ከቢ ብዙዎቹ ደረጃ 2፣ ጥቂቶቹ ደረጃ 3። ከሲ ጥቂቶቹ ደረጃ 2።

1000 ቤት ያለበት ሰፈር አለ እንበል፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው። 600 ጭቃ ቤት፣ 300 ኮለን የሌለው ብሎኬት፣ 100 ኮንክሪት። ከጭቃዎቹ በቁልፍ ፈተናው 200ው ወድቀዋል። ቢ 500 ሆነ፣ ሲም 500። ደረጃ 3 የሚደርስበት ከ500 ቢ እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም ከ0 እስከ 75 ቤት። ደረጃ 4 የለም።

አሁን ያንኑ ሰፈር ጭቃ ሁሉ ኤ ነው ብሎ የሚሠራ ሰው ያስላው። 600 ኤ፣ 300 ቢ። ደረጃ 3 ከ90 እስከ 375 ቤት፣ ደረጃ 4 ደግሞ እስከ 90። ካርታው አልተቀየረ፣ ንዝረቱ አልተቀየረ፣ ሶፍትዌሩ ያው። አንዱ ድንኳን ለጥቂት ሰው ይጠይቃል፣ ሌላው ለግማሽ ሰፈር። ልዩነቱ የመጣው አንድ ቃል ከመተርጎም ነው።

ኪውጂአይኤስ ላይ ይህን ለመሥራት ክሪዬት ግሪድ በሚለው የ500 ሜትር ሄክሳጎን (ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ) ዘርጉ። በየሄክሳጎኑ ስንት ቤት እንዳለና አማካይ ንዝረቱን በጆይን ባይ ሎኬሽን ሰመሪ አውጡ። ከዚያ ፊልድ ካልኩሌተር ከፍታችሁ የቤቱን ቁጥር በሰፈሩ መቶኛ፣ ከዚያም በሰንጠረዡ መቶኛ አባዙ። ለዝቅተኛው አንድ አምድ፣ ለከፍተኛው ሌላ። አንድ ቁጥር ብቻ የሚያወጣ አምድ አትሥሩ፣ አለቆች እሱን ብቻ ነው የሚያነቡት።

«ኦፕንኩዌክ አለ አይደል፣ ሀዙስ አለ አይደል» የሚለኝ አይጠፋም። የመንቀጥቀጥ ጉዳት ማስሊያ ሶፍትዌሮች ናቸው፣ አሉ። ሀዙስ ለአሜሪካ ቤቶች የተዘጋጀ ነው። ኦፕንኩዌክ ነፃና ጠንካራ ነው፣ እዚህ ከተለማመዳችሁ በኋላ ሂዱበት። ግን እሱም የቤቱን ዓይነት ከእናንተ ነው የሚጠይቀው።

ይህ ሒሳብ የማያያቸው ነገሮች

የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አንድ ጊዜ መጥቶ የሄደ አልነበረም። ለወራት ተደጋገመ። ታኅሣሥ 26 የነበረው ያላላውን ቋሚ የካቲት 7 ያገኘዋል። የየጊዜውን ሼክማፕ በሴል ስታቲስቲክስ አንድ ላይ አድርጋችሁ ከፍተኛውን መውሰድ ትችላላችሁ፣ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን ያ የድካሙን ድምር አያሳይም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የተናወጠ ሰፈር ላይ ወደ ከፍተኛው አምድ አዘንብላለሁ።

ሌላው የመሬት ስንጥቅ ነው። እዚያ አካባቢ መሬቱ ራሱ ተሰንጥቋል። ስንጥቅ መሠረቱ ሥር ያለፈበት ቤት የንዝረቱ ቁጥር 5 ቢልም 8 ቢልም ያው ነው። ስንጥቆቹን በመስመር ሳሉ፣ ግራና ቀኝ 50 ሜትር በፈር (ዙሪያ ቀጠና) አድርጉ፣ ውስጡ ያሉትን ቤቶች ለብቻ ዘርዝሩ። ሰው መጀመሪያ መላክ ያለበት እነሱ ጋ ነው።

ከክስተቱ በኋላ «በሳተላይት እናረጋግጥ» የሚል ሐሳብም ይመጣል። በነፃ የሚገኘው የሴንቲነል 2 ሳተላይት ምስል አንዱ ነጥቡ 10 ሜትር ነው፣ አንድ ጭቃ ቤት ሊሞላው አይችልም። ጥርት ያለ የተከፈለበት ምስል ብታገኙም የምታዩት ቆርቆሮ ነው። ምርጊቱ በሙሉ ረግፎ፣ ሰው ውስጡ ማደር አቅቶት ሜዳ ላይ ተኝቶ፣ ቆርቆሮው ግን ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ሌላ አገር በፈራረሰ ኮንክሪት ላይ የሠለጠነ የኮምፒውተር ሞዴል እዚህ «ጉዳት የለም» ብሎ ቢያልፍ አትገረሙ።

ካርታውን ስታወጡ

ቀለሙን በሄክሳጎን ስጡ እንጂ በቤት አትስጡ። አንድ ጊዜ ነጥብ ነጥቡን በቀይና በአረንጓዴ ሰጥቼ አወጣሁት። በሁለተኛው ቀን ካርታው በቴሌግራም ዞሮ አንድ ሰው ደውሎ «የእኔ ቤት አረንጓዴ ነው፣ ልመለስ?» አለኝ። ቤቱን አይቼው አላውቅም። ወዲያው አውርጄ በሄክሳጎን ቀየርኩት።

ርዕሱ ላይ «ግምት» የሚለውን ቃል ከቀኑ ጋር በትልቁ ጻፉ። የትኛውን ሼክማፕ፣ ስንተኛውን እትም እንደተጠቀማችሁም ከታች አስቀምጡ፣ ዩኤስጂኤስ ካርታውን በየጊዜው ያሻሽለዋልና። መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ አምድ ጨምሩበት፣ ስሙን «የታየ» በሉት። ወረዳው ባለሙያ ልኮ ቤቶቹን ሲያይ እውነተኛው ቁጥር እዚያ ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት 50 ቤት እንኳ ከታየ የሰፈሩን መቶኛ አስተካክላችሁ ሒሳቡን ድገሙት፤ ፎርሙላው ተቀምጧል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።